ሰው ቢታሰር ንብረቱ ባለቤት አያጣም

(በባሕር ዳር ከተማ ለታራሚ ቤተሰቦች፣ ከማረሚያ ቤት ለወጡ ወገኖችና ለሕግ ተማሪዎች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከኋላ የቆማችሁ የሕግ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ? ማለዳ ከዘጌ በጀልባ የተሻገራችሁ፣ ከመራዊና ከሐሙሲት በመኪና የመጣችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ወጣቶች፣ ቆመው የቀሩ እናቶች ስላሉ ወንበር እንድትለቁላቸው አደራ እላለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዛሬ የምናገረው ስለ ዕቃ ነው። ስለ ስልክ፣ ስለ መታወቂያ፣ ስለ ቀለበት፣ ስለ መረብ፣ ስለ ባጃጅ ነው የምናገረው። ሰው ሲያዝ ከእጁ ስለሚወሰደው፣ ሲፈታ ግን አብሮት ስለማይወጣው ዕቃ።

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «ሰው ታስሮ ስለ ዕቃ ይወራል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። በሕግ ሙያ ስኖር እንደዚህ ደጋግሜ የሰማሁት ነገር የለም፦ «ሰውየው በሕይወት ወጣልን እንጂ ዕቃውስ ይቅር።» እናት ትለዋለች፤ ሚስት ትለዋለች፤ የተፈታው ሰው ራሱ ይለዋል። ለምን ይቅር? የማን ንብረት ነውና ይቅር? ዓሣ አስግሮ፣ እንጨት ተሸክሞ፣ ጠላ ጠምቃ የተገዛ ዕቃ እኮ ነው! ይቅር የሚባለው በደስታ ሰዓት ነው፤ ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ ነው። መታወቂያው የለም፤ ስለዚህ ባንክ ያለውን ብሩን ማውጣት አይችልም። ስልኩ የለም፤ ስለዚህ የሚያሠራው ሰው ሊያገኘው አይችልም። መረቡ የለም፤ ስለዚህ ልጆቹ ምን ይበላሉ?

የመጀመሪያው ነጥቤ ይህ ነው። እስር የሰውን እንቅስቃሴ ይገድባል እንጂ ባለቤትነቱን አያጠፋም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 40 ለዜጋ የንብረት ባለቤትነት መብት ሲሰጥ ለታሰረና ላልታሰረ ብሎ አልከፈለም። አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉና በፍርድ የታሰሩ ሰዎች ሰብዓዊ ክብራቸው ተጠብቆ እንዲያዙ ያዛል። አንቀጽ 26 ማንም ሰው በግል ይዞታው ያለ ንብረቱ ከሕግ ውጭ እንዳይያዝበት ይከላከልለታል። ከዚያም በፊት፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1206 ባለቤት ያለ አግባብ ንብረቱን ከያዘበት ከማንኛውም ሰው ላይ ተፋልሞ የማስመለስ መብት ሰጥቶታል። ከማንኛውም ሰው! የደንብ ልብስ የለበሰውም ከዚህ ውስጥ ነው።

ስለዚህ እናቴ፣ ጣቢያ ሄደሽ የልጅሽን ስልክ ስትጠይቂ የምትለምኚው ነገር የለም። መብት ነው የምትጠይቂው። በትሕትና ጠይቂ፣ ግን ጠይቂ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ዕቃው በምን ምክንያት እንደተያዘ ለይታችሁ እወቁ። መንገዱ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው በማስረጃነት የተያዘ ነው፤ ኤግዚቢት የምንለው። ሁለተኛው ከወንጀሉ ጋር ምንም የማያገናኘው፣ ሰውየው ማረሚያ ቤት ሲገባ በር ላይ የሚረከቡት ዕቃ ነው። ሦስተኛው ፍርድ ቤት ፈርዶ የወረሰው ነው።

ሦስተኛውን ቶሎ ልጨርሰውና ወደ ሁለቱ ልመለስ። በወንጀል የተገኘ ገንዘብ ወይም ወንጀል የተሠራበት አደገኛ መሣሪያ ይመለስ ብለን አንከራከርም። ነገር ግን ውርስ የሚባለው ነገር በፖሊስ ቃል ወይም በኃላፊ ፈቃድ የሚሆን አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 98 እንደሚለው ንብረት የሚወረሰው ሕግ በግልጽ ሲደነግግና ፍርድ ቤት ሲያዝ ብቻ ነው። ሲወረስም እንኳ የማይነካ ነገር አለ፤ ለቤተሰቡ የሚያስፈልግ የቤት ዕቃ፣ የሙያና የእርሻ መሣሪያ፣ ከስድስት ወር ላላነሰ ጊዜ የሚያኖር ቀለብና ገንዘብ። ሕግ አውጪው በጥፋተኛው ቤት የሚራቡ ልጆች እንዳሉ አስቧል። «ተወርሷል» ሲሏችሁ የውሳኔውን ግልባጭ ጠይቁ። ግልባጭ ከሌለ ውርስ የለም።

አሁን ወደ ኤግዚቢት ልመለስ፤ ብዙ ዕንባ ያለው እዚህ ነው።

የ1954 ዓ.ም. የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ስለ ብርበራ ሲናገር፣ ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ መጥቀስ አለበት፤ ፖሊስም ከተጠቀሰው ውጭ መያዝ የለበትም ይላል። ፍርድ ቤት በተለይ ካላዘዘ በቀር ብርበራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሚካሄደው። ያለ ማዘዣ የሚበረበርባቸው ሁኔታዎችም አሉ፤ እነሱንም ሕጉ ቆጥሮ አስቀምጧል። ሲበረበር ምስክሮች ፊት ይጻፋል፤ ትፈርማላችሁ። እዚህ ላይ፣ እዚህች ፊርማ ላይ ነው ነገራችሁ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። እዚሁ ጣና ዳር የሚኖር አንድ ዓሣ አስጋሪ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። በድብድብ ተጠርጥሮ ሲያዝ መረቡና ስልኩ አብረው ተያዙ። የደንገል ታንኳው ዳር ላይ ቀረች። ደንገል እንደምታውቁት ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ይበሰብሳል። ታንኳዋን ማንም አልወሰደበትም፤ ግን የሚያወጣለት ሰው ስላልነበረ ውኃ ጠጥታ ቀረች። በመጨረሻ ጉዳዩ ታይቶ በነፃ ተሰናበተ። መረቡን ሊቀበል ሲሄድ አብሬው ነበርኩ።

ዕቃ ጠባቂው ከክፍሉ መረብ አውጥቶ ሰጠው። ሰውየው ግቢው መሬት ላይ ዘረጋው፤ ተንበረከከና የመረቡን ዐይኖች በሁለት ጣቱ እየለካ ጥቂት ሄደ፤ እርሳሱ የታሰረበትን ገመድ ሳብ አድርጎ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ «ጌታዬ፣ ይህ የእኔ መረብ አይደለም» አለ። «የእኔ ዐይኑ ሰፊ ነው፤ ለቆሮሶ ነው የሠራሁት። ጫፉን ወንድሜ በሰማያዊ ክር ነው የቋጠረው። ይህ የተቀደደ ነው፤ ክሩም ነጭ ነው።» ጠባቂው መዝገቡን ገልጦ አሳየን። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ይህ ብቻ ነበር፦ መረብ፣ ብዛት 1። መረብ ተባለ፣ መረብ ተሰጠ። አንድ ተባለ፣ አንድ ተሰጠ። ምን ይባላል? ሚስቱ ክንዱን ይዛ «ተወው፣ ይቅር፣ ወደ ቤታችን እንሂድ» አለችው። ፈረመና የሌላ ሰው መረብ ተሸክሞ ሄደ።

ዕቃ ጠባቂ ሁሉ ሌባ ነው አልልም። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹ መደርደሪያ በሌለው ጠባብ ክፍል ውስጥ የዓመታት ዕቃ ተከምሮባቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ግን የዚያ ሰው ልጆች በመደርደሪያ እጥረት ምክንያት መራብ አለባቸው? የለባቸውም!

ስለዚህ እባካችሁ ይህን ያዙልኝ። ዕቃ በቁጥር ብቻ አይጻፍም። መረብ ከሆነ ርዝመቱ፣ የዐይኑ ስፋት፣ የክሩ ቀለም ይጻፍ። ስልክ ከሆነ ዓይነቱ፣ የተሰነጠቀበት ቦታ፣ መለያ ቁጥሩ ይጻፍ። መለያ ቁጥር የት አለ ትሉኝ ይሆናል። ስልካችሁን አውጡና ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል (*#06#) ብላችሁ ምቱ። አሁን አውጡ፣ አታፍሩ! 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ይመጣላችኋል። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ በደብተር ጻፉት፤ ለሚስት፣ ለእናት ስጡ። ገንዘብ ከሆነ ስንት ብር እንደሆነ በፊደልም በአኃዝም ይጻፍ። ወርቅ ከሆነ «ቢጫ ብረት» ብሎ የሚጽፍ ስላለ ቅርጹ፣ በላዩ ያለው ምልክት አብሮ ይጻፍ። ቅር ያሰኛችሁ ነገር ካለ ደግሞ ከፊርማችሁ በላይ በራሳችሁ እጅ «ይህ አልተመዘገበም» ወይም «ይህ የእኔ አይደለም» ብላችሁ ጻፉና ከዚያ ፈርሙ። መጻፍ የማትችሉ ምስክሩ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ያ ዓሣ አስጋሪ ከፊርማው በላይ አንዲት መስመር ጽፎ ቢሆን ኖሮ ጠበቃው የሚይዘው ነገር ነበረው።

ባጃጅ የተያዘባችሁ ልጆች፣ አያችኋለሁ፣ ወደ እናንተ እየመጣሁ ነው። ባጃጅ በጣቢያ ግቢ ክረምት ሲያልፍበት ጎማው ይሞታል፣ ባትሪው ይሞታል፤ የተገዛበት ብድር ወለድ ግን አይሞትም። ክርክሩ እስኪያልቅ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። ለክርክሩ የማያስፈልግ ኤግዚቢት ለባለቤቱ እንዲመለስ ፍርድ ቤት ማዘዝ ይችላል። ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ተመዝግቦ፣ በዋስ እንዲለቀቅ በማመልከቻ ጠይቁ። ዳኛው ሊከለክል ይችላል። ሳትጠይቁት ግን ስለ ባጃጃችሁ የሚያስታውሰው ሰው የለም። በፍርዱ ቀን ደግሞ፣ ነፃ ተባላችሁም ተፈረደባችሁም፣ ከችሎት ከመውጣታችሁ በፊት «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ስለ ኤግዚቢቱ ትዕዛዝ ይሰጥልን» በሉ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የወራት እንግልት ታስቀራለች። ፍርዱ ስለ ዕቃው ዝም ካለ፣ ጣቢያው «ትዕዛዝ አምጡ» ይላችኋል፤ ችሎቱ «መዝገቡ ተዘግቷል» ይላችኋል፤ እናንተ መሐል ላይ ትቀራላችሁ።

ሁለተኛው ዓይነት በር ላይ የሚሰጠው ዕቃ ነው። ይህ ያለ ጥርጥር አደራ ነው። በእኛ አገር «አደራ በላ» ከመባል የከፋ ስድብ የት አለ? መንግሥትም በበሩ ላይ ከታራሚ የሚቀበለው አደራ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 የታራሚዎች አያያዝ አነስተኛ መስፈርቶችን አሻሽሎ አጸደቀ፤ የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ይባላሉ፣ 122 ናቸው። 27 ዓመት በታሰረ ሰው ስም መጠራታቸው የሚገባ ነው። ደንብ 67 እንዲህ ይላል፦ ታራሚው ይዞ እንዲቆይ የማይፈቀድለት ገንዘብ፣ ጌጣጌጥ፣ ልብስና ሌላ ዕቃ ሲገባ በአስተማማኝ ቦታ ይቀመጥ፤ ዝርዝሩ ይጻፍና ታራሚው ይፈርም፤ ዕቃው እንዳይበላሽ ይጠበቅ፤ ሲፈታ በፊርማ ይመለስለት። ከውጭ የሚላክለትም ገንዘብና ዕቃ በዚሁ መንገድ ይያዝ። እናቶች፣ ይህ የመጨረሻው የእናንተ ነው። ስንቅ ይዛችሁ ስትሄዱ በር ላይ የምትሰጡትን ብር ያለ ደረሰኝ አትስጡ። «ቆይ እሰጥሻለሁ» ቢሏችሁ «እጠብቃለሁ» በሉ።

ታራሚው ውስጥ ሳለ በፍተሻ የሚወሰድ ዕቃም አለ። ስልክ ማስገባት የተከለከለ ከሆነ ክልከላው ይከበራል፤ ቅጣትም ካለ ይቀጣል። ዕቃው ግን የፈታሹ አይሆንም። ይመዘገባል፣ ይቀመጣል፤ ወይ ለቤተሰብ ይሰጣል ወይ ሲፈታ ይመለሳል። የክስና የውሳኔ ወረቀት ደግሞ ጭራሽ መወሰድ የለበትም፤ እነዚሁ ደንቦች ታራሚው የክርክር ሰነዶቹን ከእጁ እንዲያኖር ይፈቅዱለታል።

አንዲት እህት ትዝ ትለኛለች። ስትገባ ዕቃዋን የመዘገበላትን ሰው «ለእኔም ጻፍልኝ» ብላ ለመነችው። ግማሽ ሉክ ላይ ጻፈላትና ማኅተም አደረገላት። ያቺን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላ ቀሚሷ ዘርፍ ውስጥ ሰፋቻት። ልብሱን ስታጥብ አውጥታ፣ ሲደርቅ መልሳ ትሰፋት ነበር። የተፈታች ዕለት በሩ ላይ ቁጭ ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ወረቀቱን ለተረኛው ሰጠችው። በላዩ የተጻፈው ይነበብ ነበር፦ የወርቅ ቀለበት 1፣ ውስጡ ላይ «መ» የሚል ፊደል ያለበት፤ የቀበሌ መታወቂያ፤ የባንክ ደብተር። ከሰዓት ሳይሆን ሁሉም በእጇ ገባ። ተረኛው ወረቀቱን አይቶ ምንም የሚከራከርበት ነገር አልነበረውም፤ የገዛ መሥሪያ ቤቱ ማኅተም ነበረበት።

ባለፈው አንድ ተማሪ «ለአንድ አሮጌ ስልክ ፍርድ ቤት መሄድ ዳኛ ማድከም አይሆንም?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከሩቅ አገር ልመልስለት። በአሜሪካ፣ ነብራስካ በምትባል ግዛት፣ አንድ ታራሚ በፖስታ ያዘዘው የእጅ ሥራ ዕቃ ማረሚያ ቤቱ ውስጥ ጠፋበት። ዋጋው 23 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ጉዳዩ እየወጣ ወጥቶ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ተፈረደ። ታራሚው ተረታ። የተረታው ግን «ዕቃህ ትንሽ ነው» ተብሎ አይደለም። ዳኞቹ ንብረቱን እንዳጣ ተቀብለው፣ የግዛቲቱ ሕግ ካሳ የሚጠይቅበት ሌላ መንገድ ስለሚሰጠው በዚያ ይሂድ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ሌላ ታራሚ እዚያው ፍርድ ቤት ቀረበ። ከአትላንታ ወደ ኬንታኪ ሲዛወር ዕቃውን በሁለት ቦርሳ አስረክቦ ነበር፤ ሲደርስ ቁርዓኑ፣ መስገጃውና የሃይማኖት መጽሔቶቹ የሉም። የጠየቀው 177 ዶላር ነበር። አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ተረታ፤ ሕጉ ዕቃ የያዙ ሕግ አስከባሪዎችን በሚመለከት መንግሥት እንዳይከሰስ ከልክሏል ተብሎ ነው። አራቱ ዳኞች ግን አልተስማሙም። ዘጠኝ የታላቅ አገር ዳኞች ተቀምጠው ስለ አንድ እስረኛ መስገጃ ተከራከሩ! ታዲያ የእኛ ሰው ማዕተብ፣ የእኛ ሰው ዳዊት፣ የእኛ ሰው መስገጃ የሚያንሰው በምን ነው?

በዚህ ረገድ የእኛ ሕግ ለተበዳዩ የቀረበ ነው ብዬ አምናለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ያደረሰውን ጉዳት መካስ አለበት ይላል፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተበዳዩ ካሳውን ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል። በቸልተኝነት የጠፋ ዕቃ መሥሪያ ቤቱን ያስጠይቃል፤ ሠራተኛው ለራሱ ወስዶት ከሆነ ደግሞ ራሱ ይጠየቃል፣ በወንጀልም ጭምር።

እንዴት እንጠይቅ? መጀመሪያ ለጣቢያው ወይም ለማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በጽሑፍ አመልክቱ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ሥሩ፤ አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ፣ በሌላው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጋችሁ ይዛችሁ ውጡ። በቃል የተጠየቀ አልተጠየቀም። መልስ ካጣችሁ፣ ኤግዚቢት ከሆነ ክሱን ወዳየው ችሎት በመዝገብ ቁጥሩ አመልክቱ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋም ሁለቱም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋሙት ለእንዲህ ዓይነት አቤቱታ ጭምር ነው፤ ገንዘብ አያስከፍሉም። ይህ ሁሉ ካልሆነ የፍትሐ ብሔር ክስ አለ። ለዳኝነት የሚከፈል የለኝም የሚል ሰው፣ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ድህነቱን አስረድቶ ሳይከፍል እንዲከስ ፈቅዶለታል። ሰውየው ገና ውስጥ ከሆነ ውክልና ሰጥቷችሁ እናንተ ልትከራከሩለት ትችላላችሁ።

አሁን የምለውን ግን በደንብ ስሙኝ። ጊዜ አለው! በጥፋት ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት፣ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ጉዳቱ የደረሰው በወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ የሚረዝም ከሆነ ያ ረዥሙ ጊዜ ሊያገለግል ይችላል፤ በዚያ ግን አትተማመኑ። «እስር ላይ ስለነበርኩ ይቆጠርልኛል» ብላችሁም አትተማመኑ። ሁለት ዓመት! «ይቅር» የሚለው ንግግር እውነት ይቅር የሚያደርገው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብትቆጩም ዳኛው «ይርጋ አግዶታል» ይላችኋል፤ ሕጉም እንዲህ እንዲል ያዘዋል።

የመጨረሻው፣ ለመናገር የሚከብደኝ ነገር ነው። ውስጥ እያለ የሚያርፍ ሰው አለ። ሬሳውን ተረክባችሁ፣ ቀብራችሁ፣ አርባውን አውጥታችሁ፣ ጋቢውና ጫማው የት እንዳለ የማታውቁ እዚህ ተቀምጣችኋል፤ ሁለታችሁን አይቻለሁ። የሟች ንብረት የወራሽ ነው። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጡና ማረሚያ ቤቱን በስሙ የተመዘገበውን ሁሉ በዝርዝር ጠይቁ፤ ጋቢውንም፣ ኪሱ ውስጥ የነበረውን አምስት ብርም። «ለአንድ ጋቢ?» የሚላችሁ ሰው ካለ ለእሱ ጋቢ ነው፤ ለእናንተ አባታችሁ የለበሰው ነው።

አሁን ወደ ጥያቄ እናልፋለን። በግራ በኩል ካለው ጠረጴዛ የተቀመጡት የሕግ ተማሪዎች ማመልከቻ ይጽፉላችኋል፤ ክፍያ የለውም። ማኅተም ያለበት ወረቀት የያዛችሁ፣ የተቀደደም ቢሆን፣ ይዛችሁ ኑ። ዕቃው ከተወሰደባችሁ ሁለት ዓመት ሊሞላ የተቃረበ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከሁሉ በፊት እናንተን እናስተናግዳለን።